እምቢ ያልኩት እኔ አይደለሁም

ሰኞ
ካንሰር ነው። ከኩላሊቴ ተነሥቶ ጭንቅላቴ ገብቷል። ዛሬ ደብረ ማርቆስ ለክትትል ሄጄ አዲሷ ሐኪም «የኔታ፣ የጨረር ሕክምናውን ለምን እምቢ አሉ?» ስትለኝ ነው የሰማሁት። እኔ የማውቀው ማይግሬን ነው እንዳሉኝ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ጥላሁን አጠገቤ ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

ባለፈው አዲስ አበባ ላይ ሐኪሙ እሱን ለብቻው ሲያነጋግረው እኔ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ለበሽተኛ አይነገርም፤ ወጉ ነው። ከዚያ «የኔታ አልፈልግም ብለዋል» ብሎ ለሐኪሞቹ መለሰላቸው። መቼ አልኩ? ወደ ቤቴ ወደ ደብረ ኤልያስ ስንመለስ ከእሱ ርቄ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ
ባለቤቴ አስካለም ታውቅ ነበር። ተማሪዎቼም። ድሮ ድጓ ሳስተምር ከተሳሳትኩ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር። ሰሞኑን ዝም ሲሉ ጨዋ ሆኑ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጅል ነኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ከሰዓት ጥላሁን መጣ። «ጋሼ፣ ጨረር ያወቁትን ያስረሳል አሉን። ድጓው ከሚጠፋብዎ ብለን ነው» አለኝ። ብለን! ተሰብስበው መክረዋል ማለት ነው። የተመከረበት ጭንቅላት ግን የእኔ ነው።

የሚያናድደኝ፣ ፍርሃቱ የእኔም መሆኑ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በቃሌ የያዝኩት ከጠፋ ምን ቀረኝ? ቢሆንም እኔው ልፍራው።

ረቡዕ
ለሐኪሟ ደወልኩ። እንደነገረችኝ ድሮ ጨረሩ የሚሰጠው ለጠቅላላው ጭንቅላት ነበር፤ ያ ማስታወስን ሊጎዳ ይችላል። ጥላሁን በዚህ አልዋሸም። አሁን ግን ዕጢዎቹ ጥቂት ከሆኑ እነሱን ብቻ ነጥሎ ማከም አለ። ለሙሉው ቢሰጥም ማስታወስ የሚሠራበትን የአንጎል ክፍል ከጨረሩ መከለል ተችሏል።
«የትኛው እንደሚሆንልዎት፣ የት እንደሚገኝ እጠይቃለሁ። ዋስትና ግን አልሰጥዎትም» አለችኝ። እውነት ተርቤ ኖሯል፤ ደስ አለኝ። አስካለ «እንዳይደነግጡ ብዬ ነው» እያለች አለቀሰች። አላባበልኳትም።

ሐሙስ
ሐኪሟ ደወለች። አዲስ አበባ ድጋሚ ኤም አር አይ ልነሣ ነው። ዕጢዎቹ በዝተው ከሆነ ነጥሎ ማከሙ ላይሆን ይችላል። ያለፈውን ጊዜ ማን ይመልስልኛል?

ጠዋት ተማሪዎቼን «ስሳሳት የማያርመኝ እዚህ አይቀመጥ» አልኳቸው። ብዙም ሳይቆዩ አረሙኝ። መታረሙ አመመኝ፣ ግን ይሻላል።

ነገ እንሄዳለን። ራሴን ስለሚያዞረኝ ብቻዬን አልችልም፤ ያለኝ ወንድም ደግሞ ጥላሁን ነው። «ሐኪሙ ዘንድ እኔ እገባለሁ፣ በር ላይ የምትቀመጠው አንተ ነህ» አልኩት።

«እሺ ጋሼ» አለ።

የሰማሁትን ስወጣ ልንገረው ወይስ አልንገረው፣ ገና አልወሰንኩም።