ፔዳል የጎደላት መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1974

ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ ጤና ጣቢያችን ተመለስን። ክትባት ነበር። ሕፃናቱ አለቀሱ፣ እናቶቹ ሳቁ፣ እኔ መርፌ ቀቀልኩ። እንደ ሁልጊዜው።

ስንመለስ ሾፌራችን አያ ደባሱ ቁልቁለቱ አናት ላይ አሮጊቷን ላንድሮቨር አቆሟት። ወረዱ፣ ከድንጋይ ኋላ ተሸሸጉ፣ ተመልሰው አማተቡ፣ ከባዱን ማርሽ አስገቡ። ይህ ቅደም ተከተል ዘመናቸውን ሁሉ አልተዛነፈም። ከዚያ ሞተሩ እንደ ተቀየመ በሬ እያጉረመረመ ተንፏቀቅን። ፍሬን አይነኩም።

"ፍሬን የክፉ ቀን ነው፤ በደህና ቀን አይበላም" ይላሉ። ሞተሩ ጎማውን ይይዛል፣ ጎማው እኛን ይይዛል።

ማን አስተማርዎት ብል፣ ጣሊያን። "መንዳት ነው ያስተማረኝ፤ ሌላውን ጠባይ አልወሰድኩም።"

የጀመርኩትን ልብ ወለድ መንገድ ላይ ጨረስኩት። ፍጥነታችን እንዲህ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

አለቃችን ጓድ ሸጋው ማስታወቂያ ለጠፈ። ነዳጅ በኩፖን ስለሆነ ሾፌሮች ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተው መኪናዋን እንዲለቋት... ከታች እንደ ደንቡ፣ "አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት"። መፈክር ከመመሪያ ጋር እንዲህ ሲገጥም አይቼ አላውቅም።

አያ ደባሱ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሞቱን ለማን ነው የደለደሉት? ለሾፌሩ ብቻ ነው ወይስ ለተሳፋሪም ይደርሳል?"

ተሳፋሪዋ እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

አዲስ መኪና መጣች! የውጭ እርዳታ። ነጭ፣ እንደ ሙሽራ። መንደሩ ሁሉ በር ላይ ተሰበሰበ።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ አለነ ሊረከብ በሯን ከፍቶ አጎነበሰ። ቆየ። ቀና አለ።

"አንድ ፔዳል ይጎድላል።"

ከወልድያ ያመጣት ሾፌር ሳቀ። "አውቶማቲክ ናት እኮ። በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም። ማርሹን ራሷ ትቀይራለች።"

"ወንድሜ፣ እኔ ጎደሎ ንብረት አልረከብም። ጋሸና ላይ ምሳ ስትበላ ማን ነበር የሚጠብቃት?"

አያ ደባሱም ተንበርክከው በእጃቸው ዳበሱ። "ቀዳዳውን እንኳ ደፍኖታል። ባለሙያ ሌባ ነው።"

ሾፌሩ ማለ፣ ተገዘተ፣ እናቱን ጠራ። ሲመሽ አለነ ፈረመ... "ከነጉድለቷ" ብሎ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። አልተሳለምኩም። ብሄድ ጓድ ሸጋው ያየኛል። ግን እሱስ እዚያ ምን ይሠራል?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15

አያ ደባሱ አዲሷን ይዘዋት ወጡ። እኔና የክትባት ሣጥኑ አለን። ዳገቱን ያለ ላብ ወጣችው። የአያ ደባሱ ግራ እግር ግን ሥራ ፈትቶ ባዶውን ወለል ይረግጣል።

ቁልቁለቱ ላይ እንደ ልማዳቸው ከባዱን ማርሽ ሊያስገቡ ካምቢዮውን ዳበሱ። የቱ ነው ከባዱ? ሾፌሩ "ዲ" የሚለው ፊደል ላይ ተክሎ "ከዚህ አትነቅንቋት" ብሏቸው ነበር የሄደው። እዚያው ተዉት። መጀመሪያ ደህና ወረደች። ከዚያ ፍጥነት ስታገኝ እሷው በራሷ ማርሹን አቀለለችው... ልክ ጅራፍ እንደ ተነሳላት።

"ኧረ ያዢ! አንቺ! ምን ነካሽ!"

ፍሬን ረገጡ። ደግመው ረገጡ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ኋላ ፔዳሉ ቅቤ ውስጥ እንደ ገባ ሰመጠ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ተራራ። ወደ ተራራው አዞሯት፤ አፍንጫዋን አፈር ውስጥ ቀብራ ቆመች።

ማንም አልተጎዳም። አያ ደባሱ ወርደው አፈሩን ከአፍንጫዋ ጠረጉላት።

"አላወቅኋትም፣ መነን። ብይዛት አትያዝም።"

ረቡዕ፣ ኅዳር 16

የውይይት ክበብ። የዕለቱ ርዕስ፣ የአያ ደባሱ ግለ ሂስ።

ጓድ ሸጋው ተነሳ። "አውቶማቲክ ማርሽ ሠርቶ አደሩን ከአድካሚ ሥራ ነፃ ያወጣል!"

"ጓድ" አሉ አያ ደባሱ፣ "እኔ ቁልቁለት ላይ ነፃ መውጣት አልፈልግም።"

ቤቱ ሳቀ። ሸጋው አልሳቀም። "የፊውዳል አነዳድ ነው" አለ። ውሳኔውም ወዲያው መጣ። አሮጊቷ ላንድሮቨር ደሴ ትመለስ። አዲሷን እሱ ራሱ ይነዳል፤ ማንም የሚነዳት መኪና ስለሆነች። አያ ደባሱ በር ላይ ዘበኛ።

እኔንም በስሜ ጉዳይ፣ የእቴጌ ስም ነው ብለው፣ ግለ ሂስ አድርጊ አሉኝ። "አባቴ መነን ሲለኝ አብዮት እንደሚመጣ የነገረው አልነበረም" አልኩ። ተመዘገበ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 17

አያ ደባሱ በር ላይ ተቀምጠዋል። መኪና ሲገባ ይነሳሉ። ሲወጣ ይነሳሉ። አያዩኝም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ባንችይርጋ ገበያ ላይ ያዙኝ። "እህል አልቀምስ አለኝ። ቁጭ ብሎ በግራ እግሩ መሬቱን ይረግጣል። ምን አደረጋችሁት?"

ሰው ከመሪ ላይ ሲነሳ ምን ይሆናል? እግሩ መሻሩን አልሰማም ማለት ነው...

ዓርብ፣ ኅዳር 18

ከአዲሷ መኪና መሳቢያ መመሪያዋን አገኘሁ። በእንግሊዝኛ ነው። የጽሑፉ ውበት ይቅር፤ ጭብጡ ግን ልብ ይሰቅላል። ከ"ዲ" በታች 2 እና 1 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። ለቁልቁለት ናቸው። እዚያ ካወረዷት ማርሹን አታቀልም፤ በሞተሯ ትይዛለች።

ወደ በሩ ሮጥኩ።

"ቁጥሮቹን አይቻቸዋለሁ" አሉ አያ ደባሱ። "የሬዲዮ መስለውኝ።"

"የማርሽ ናቸው! ትይዛለች ይላል።"

"ይላል... መጽሐፉ የጋሸናን ቁልቁለት ወርዶት ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያው ቁጥሩ አናት ላይ ይግባ። መሃል ላይ ከተለቀቀች በኋላ የማንንም ምክር አትሰማም።" ከመቀመጫቸው ተነሱ። "ቀድሜ ባውቅ..." አሉና በሩን ሊከፍቱ ሄዱ። የመጣ መኪና አልነበረም።

ለጓድ ሸጋውም ነገርኩት። "ጓድ መነን፣ አውቶማቲክ ማለት ራሱ ያውቃል ማለት ነው።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 22

ሕይወት አለችኝ። በመጀመሪያ እሱ ይጻፍ።

ከጋሸና ወደ ላሊበላ ስንመለስ ነው። ጓድ ሸጋው ቁልቁለቱ አናት ላይ አልቆመም። ለሾፌሮች አርአያ ልሁን ብሎ ካምቢዮውን ወደ ላይ ገፋው፤ ማርሽ ወጣ። ሞተሩ ዝም። ነፋሱ ብቻ ያፏጫል።

"ይኸው! ጠብታ ነዳጅ ሳታወጣ!"

እውነት ነው፣ ጠብታ አላወጣችም። ድንጋዮቹ ግን በመስኮት በኩል መስመር ሆኑ። ፍሬን ረገጠ። ሽታው መጣ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፔዳሉ ወለል ነካ። ፊቱን አየሁት... ነጭ ወረቀት።

"ማርያም! ማርያም ድረሽልኝ!"

ማርያም ቅርብ ነበረች፤ እኔ ግን ከእሷም እቀርብ ነበር። እጄን ዘርግቼ ካምቢዮውን ሳብኩት። ዲ። ከዚያ 2። ሞተሩ እንደሚታረድ ጮኸ፣ ግንባሬ መስታወቱን መታ፣ ግን... ቀነሰች። ያዘች! አሁንም ቀነሰች። 1። ማጉረምረም ጀመረች። እንደዚያ ያለ ዜማ ጥምቀት ላይም አልሰማሁም።

"መሪውን ብቻ ያዝ!" አልኩት። አንቱታውን ረሳሁት። እሱም አላስታወሰኝም።

ሜዳ ላይ ስትቆም ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገብስ የሚያጭድ ሰው ቀረበን። "ጌታው፣ ምን አሳደዳችሁ?"



ረቡዕ፣ ኅዳር 23

ጓድ ሸጋው አስጠርቶኝ በሩን ዘጋ።

"ትናንት... የጠራሁት ስም..."

"ምን ስም? ሞተሩ ይጮህ ነበር፣ አልሰማሁም።"

"ደግ።"

"አያ ደባሱ መሪያቸው ላይ ቢመለሱና ላንድሮቨሯም ባትሄድ ጆሮዬ ይበልጥ ይደነቁራል።"

ጣሪያውን አየ። ከማዶ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሥዕል ጢማሞቹ ሦስቱ የአብዮት አዛውንት ተመለከቱን። እነሱም አልሰሙም።

ሲመሽ ማስታወቂያው ከግድግዳው ተነስቷል። የሁለቱን መኪኖች ቁልፍ በአንድ ቀለበት ለአያ ደባሱ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ተቀብለው አገላበጡት፣ የአዲሷን ቁልፍ ነቅለው መልሰው ሰጡኝ።

"እኔ አሮጊቷ ትበቃኛለች። ይቺን አንቺ ንጃት።"

"እኔ መንዳት አልችልም!"

"ትናንት ከማን ጋር መጣሽ? እሱ ይችል ነበር?"

ሰኞ፣ ጥር 17

ከኮን ስመለስ፣ ብቻዬን። መንጃ ፈቃዴ ከደሴ እየመጣ ነው ይባላል። እኔም መንገድ ላይ ነኝ፤ የሆነ ቦታ እንገናኛለን።

ወይዘሮ ባንችይርጋ ትናንት ጠላ ላኩልኝ። ባልየው በልቶ ይተኛል አሉ። አያ ደባሱ ግን ማሠልጠናቸውን አልተዉም፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ "ፍሬን ስትረግጪ ብሰማ..." ብለው ነው የሸኙኝ። ከሌላ መኪና ሆነው እንዴት እንደሚሰሙ አልጠየቅኩም።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆምኩ፣ 1 አስገባሁ፣ እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። እያገሳች ትወርዳለች። መሃል ላይ አንድ ቄስ በበቅሎ ደረሱብኝና ጎን ለጎን ሄድን። በመስኮቱ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ አሟት ነው?"

"አይ አባ። ይዣት ነው።"

"ይዘሻት ነው እንዲህ የምትጮኸው?"

"አዎ አባ።"

በመስቀላቸው አማተቡብኝ።

"እንግዲህ እግዜር ያጽናሽ" አሉና በቅሎዋን ኮርኮር አደረጓት። ቀደሙኝ።