የአሥራ ዘጠነኛው ሰው ጉዳይ

ለክቡር አቶ ራስል ሃልፎርድ
የደቡብ ሜዳዎች የእግር ኳስ ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ከዋንጫው ዕለት ወዲህ ጥሩ እንቅልፍ እንደሚተኙ ሙሉ እምነቴ ነው።

የሌስ ፔንግሊ ሚስት ሞሪን ነኝ። በዋንጫው ጨዋታ አሥራ ዘጠነኛ ሆኖ የተቆጠረው ሰው እሱ ነው። የሚሰማኝን ልጽፍልዎ ተቀምጬ ነበር፤ የሚሰማኝ ነገር ስላጣሁ የሆነውን ብቻ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. እንደሚያውቁት በእኛ አገር እግር ኳስ ከአራተኛውና ከመጨረሻው የጨዋታ ሩብ በፊት አሰልጣኙ ሲናገር ለመስማት አገሩ ሁሉ፣ ሕፃን ያቀፈውም የሥጋ ፓይ የያዘውም፣ ሜዳ ይገባል፤ ሳይረኑ ሲጮህ ይወጣል። የመርሳት ሕመም ከያዘው አራት ዓመት የሆነው ሌስ አልወጣም። የድሮ ማሊያውን እንደ ለበሰ፣ በጎልማሳነቱ ሲከላከለው ወደ ነበረው ጥግ ሄዶ ቆመ። እኔ ሜዳው ዳር ከቆመው መኪናችን ሆኜ አይቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ሳየው ስለ ኖርኩ እንግዳ ነገር አልመሰለኝም።

2. ተጋጣሚዎቻችን ማሎርኖች በአራት ነጥብ እየተመሩ ስለ ነበር አምበላቸው ሰው ይቆጠርልኝ አለ፤ መብቱ ነው። ዳኛው የእኛን የቲላሪን ልጆች አሰልፎ ሲቆጥር ደንቡ በሚፈቅደው አሥራ ስምንት ፈንታ አሥራ ዘጠኝ አገኘ። ሌስም በሥርዓት ተሰልፎ ነበር። ማንነቱን ሲጠይቀው “የጥጉ ተከላካይ ነኝ፤ አንተ አዲስ ነህ መሰለኝ” አለው። ትርፍ ሰው የተገኘበት ቡድን ነጥቡን ያጣል በሚለው ሕግ መሠረት ሰባ አንድ ነጥባችን ተሰርዞ ከዜሮ ጀመርን፤ ተሸነፍን። ቲላሪ ዋንጫ ካነሳች ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ይሁን።

3. ቁጥር ያለው ማሊያ የለበሰ ሁሉ ተጫዋች ነው ብለው ስለ ወሰኑልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። በማግስቱ ደግሞ “ሜዳ የገባ ተመልካች” ብለው ለሁለት ዓመት ከሜዳው ስላገዱት ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ነጥብ ሲሰረዝ ተጫዋች፣ ሲታገድ ተመልካች መሆን ለማንም ያልተሰጠ ማዕረግ ነው።

ክቡርነትዎ እንዲያውቁት ያህል፣ ሌስ የልጆቻችንን ስም ረስቷል። የሜዳውን መንገድ ግን አልረሳም፤ የቀረው ቦታ ያ ብቻ ነው።

4. የእገዳው ደብዳቤ በቀጥታ በስሙ በመላኩ ክብር ተሰምቶናል። ብደብቀውም ያገኘዋል፤ በየጠዋቱም እንደ አዲስ ያነበዋል። “ሞሪ፣ ምን አጠፋሁ?” ይለኛል። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ጊዜ ነገርኩት።

ውድ ጊዜዎን ስለ ተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የማኅበሩ ሕግ ዘወትር እንዲከበር፣ እገዳው ግን እንዲነሳ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣

ሞሪን ፔንግሊ
ከቲላሪ

ማሳሰቢያ፦ እገዳው ካልተነሳ፣ በሚያዝያ የአዲሱ ዓመት ውድድር ሲጀመር ሌስን የሜዳው በር ድረስ አመጣዋለሁና እንዳይገባ መከልከሉን እርስዎ ራስዎ ፊት ለፊት ይንገሩት። እሱ መኪናው ጋ ሳይደርስ ይረሳዋል። እርስዎ ግን አይረሱትም።