ኮማው ተስተካክሏል

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ዛሬም ሦስት ሰው መጣ። ሁሉም የእንግሊዝኛ ጽሑፉን ወረቀት ይዞ። አንዱ ግሶቹን እንዳይለት፣ አንዷ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ለሁለት እንድቆርጥላት። ሦስተኛው "በቃ ሁሉንም እዪው" ብሎ ጥሎልኝ ሄደ። በር ላይ የአከራዬን ልጅ ሲጠይቋት ይሰማኛል፤ "ግራመር አለች?" ነው የሚሉት። ዘነበች የሚባል ስም ያለኝ አይመስላቸውም። እርማቱ ሲያልቅ አመስግነው ውልቅ። ቁጭ በሉ ስላቸው ባጃጅ እየጠበቃቸው ነው፣ ምሳ አልበሉም፣ ብቻ የሆነ ነገር አይጠፋም።

አንቺ ማስታወሻዬ ባትኖሪ ከኮማና ከነጥብ ሌላ ምንም ሳላወራ ነበር የሚመሽልኝ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

የእንግሊዝኛ ኮምፖዚሽን ክፍል ነበረን። መ/ሩ እንደ ልማዱ ጥንድ ጥንድ አደረገን፤ ጥንድሽ የጻፍሽውን ወስዳ በቀይ አርማ ትመልሳለች። የኔ ጥንድ ምሕረት ናት፣ ከሾኔ የመጣችው። ከኔ ቤት ጀርባ ነው የተከራየችው። ግን ከሰላምታ አልፈን አናውቅም።

ርዕሱ "የእሑድ ቀኔ"። ስለ ሽርሽር መጻፍ ጀምሬ ውሸቱ ደከመኝ። ያለውን በእንግሊዝኛ ዘረገፍኩት። ከቅዳሴ ስመለስ አከራዮቼ በሀዲይኛ ሲሳሳቁ እንደምሰማ። እኔ ስገባ ለኔ ብለው ወደ አማርኛ እንደሚያዞሩት፣ ወዲያው ጨዋታው እንደሚቀዘቅዝ። የአፍ መፍቻዬን ከምባትኛን የማወራው ከአባቴ ጋር ብቻ፣ እሱም በስልክ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ትምህርቴን አቋርጬ አገሬ አንጋጫ ልመለስ እንዳሰብኩም ጻፍኩ። ለአባቴ ያልነገርኩትን። አጣጥፌ ሰጠኋት።

ኅዳር 14፣ እሑድ

አባባ ደወለ። ሰው ለመድሽ ወይ ይላል። ቤቴ ከሰው ተለይቶ አያውቅም አልኩት። አልዋሸሁም እኮ! ደስ አለው። ቆጮ በሚኒባስ ልኮልኛል፤ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ለቤተሰብ የሚበቃ ነው። ብቻዬን መቼ እንደምጨርሰው እንጃ።

ምሕረት እስካሁን አንብባዋለች። ምን ትል ይሆን? ዛሬ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ተነሳሁ። ወረቀት፣ ወረቀት፣ ወረቀት።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ተመለሰልኝ። ሁለት ኮማ ጨምራለች። አንድ ነጥብ። በትንሹ የጻፍኳትን ፊደል በትልቁ አድርጋልኛለች። ከታች፦ "ጎበዝ፣ 9/10።"

ሌላ ምንም። አንዲት ቃል የለም።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከሰዓት ለመጡት ሁሉ አሞኛል አልኩ። ማንም ምንሽን አላለኝም፤ መቼ ይሻልሻል አሉኝ። ወስኛለሁ፣ አንጋጫ እመለሳለሁ። እዚህ ብኖር ባልኖር ለማን ምኑ ነው?

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ነገሩ ተገለባበጠብኝ። ከክፍል ስንወጣ ምሕረት ጠበቀችኝ። አብረን ወደ ቤት። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ እንዲህ አለችኝ፦

"እውነቱን ልንገርሽ፣ የጻፍሽው እንግሊዝኛ አልገባኝም። ነጥቡንና ትልልቅ ፊደሉን ብቻ ነው ያየሁት። እኔ የምችለው እሱን ነው።"

ስታፍር አንገቷ ሥር ትቀላለች። እስክሪብቶሽ ወረቀቱን በስቶታል፣ ተናደሽ የጻፍሽው መስሎኝ ነበር አለች። እሱን አይታለች!

"ምን ነበር የሚለው?"

"ስለ ገበያ ነው" አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ እኔ ጋ መምጣት ትችይ ነበር እኮ ስላት፣ ቤትሽ ሁሌ ሰው ሞልቶ አያለሁ፣ ብዙ ጓደኛ ስላለሽ ልረብሽሽ ፈርቼ ነው አለችኝ። ማዞሪያው ላይ ተለያየን።

ለምን ዋሸኋት? በእንግሊዝኛ ሲሆን የሌላ ሰው ነገር ይመስላል። በአማርኛ ግን የራሴ ነው፣ ፊት ለፊቷ ልናገረው ነው። ቤት ገብቼ ራሴን ሰደብኩ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ሁለት ልጆች መጡ። ሰኞ ኑ አልኳቸው። አኮረፉ። ያኩርፉ።

ቆጮውን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ጠቀለልኩ። ከዚህ ጀርባ ላለ ቤት ይሄን ያህል መዘጋጀት! በሯ ተዘግቶ ባገኘውስ? ብትስቅብኝስ? አንጋጫ የምመለሰው ከነገርኳት በኋላ ነው፣ ወይም አልመለስም። አሁን አላውቅም።

ወረቀቱን አልይዝም። ጠረጴዛው ላይ ይቅር፣ ከነዘጠኙ። በአፌ ነው የምነግራት። ሦስት ጊዜ ተለማመድኩ፣ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አላልፍ አልኩ፦ ምሕረት፣ ስለ ገበያ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እዚያው ቁጭ ብለን እነግራታለሁ።

ጫማዬን አድርጌያለሁ። የአከራዬ ልጅ ወዴት ነሽ ትለኛለች። ምሕረት ጋ፣ ልጠይቃት አልኳት።