ሽሮፑን መሬት ላይ ላስደፋው ፊልምዎ ምስጋና

ለተከበሩ የፊልም ደራሲና አዘጋጅ አቶ ዳኛቸው፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የቤተሰብዎም፣ የካሜራዎም ጤና እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደብረ ታቦር የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝና ማንበብ በራሴ የተማርሁ ሴት ነኝ። ባለፈው እሑድ ፊልምዎን ከጎረቤቴ ከእመቤት ጋር ስላየሁ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

፩. ስለ ታማሚዋ ልጅ ጉንጭ አመሰግናለሁ። በሳንባ ምች ልትሞት ነው የተባለች ልጅ እንዲያ ሞልታና ወዝታ ሳይ፣ የምትበላውን ጠይቄ ለሰፈራችን ጤነኛ ልጆች ላስመጣ አስቤ ነበር።

፪. እናቲቱ የሐኪሙን ሽሮፕ መሬት ላይ ስትደፋ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። የፊልሙ ቄስ ግን ምን ቢበድሉዎት ነው መድኃኒት እየረገሙ ጢማቸውን እንዲያንቀጠቅጡ ያደረጓቸው? የሰፈራችን ቄስ ጌጡ የደም ግፊት ክኒናቸውን በየጠዋቱ የሚያወራርዱት በጸበል ነው። ለፊልም እንደማይመቹ ይገባኛል፤ ጢማቸውም አጭር ነው።

፫. ሰባቱን የጸበል ቀን በአንድ መዝሙር ማሳለፍዎን አደንቃለሁ፤ መዝሙሩ ሳያልቅ ልጅቱ ተነሥታ ሮጠች። እኔ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ልጄን ይታይሽን ይዤ ጸበል ስወርድ ቀኑን የሚያሳጥርልኝ አላገኘሁም። መድኃኒትና ጸበል አይስማሙም ብዬ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ የጸበሉ ቄስ እንኳ «ስጫት» እያሉኝ፣ ሐኪም የሰጣትን ክኒን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ በስምንተኛው ቀን ልጀምርላት ቆረጥሁ። ልጄ በስድስተኛው ቀን ዐረፈች። ይህን እስካለፈው ማክሰኞ ለሰው ተንፍሼ አላውቅም።

ማክሰኞ እንድናገር ያደረጉኝ እርስዎ ነዎትና ይህም ምስጋና ይገባዋል። እመቤት ከፊልሙ እንደተመለሰች የአምስት ዓመት ልጇ ሞላ የሚወስደውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቁም ሣጥን ላይ ሰቅላ ለሰባት ቀን ጸበል ተነሣች። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ጊዜ ጣለው። ብለምናት «ፊልሙ ላይ ድናለች እኮ፣ እትዬ!» አለችኝ። ፊልምዎን በክርክር ማሸነፍ ስላልቻልሁ የራሴን ነገርኋት። ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ መድኃኒቱን አወረደች፤ ጸበሉንም አልተወችም። ልጁ ድኗል ብዬ አልምልም፤ ከትናንት ወዲህ ግን አልጣለውም።

ቅዳሜ ፊልሙን ገሳይ ከተማ እንደሚያሳዩ ሰምቻለሁ። ከጉና ተራራ ሥር እናቶች የታመሙ ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ስለዚህ መጨረሻውን እንዲቆርጡት በትሕትና እለምናለሁ። ሥራ ከበዛብዎ ግድ የለም፤ መብራቱ ሲበራ እኔ ተነሥቼ ለእመቤት የነገርኋትን ለሁሉም እነግራለሁ። ድምፅ ማጉያ አያስቸግርዎ።

ጥበብዎን የማደንቅ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣ ለቅዳሜም የመኪና ወንበር ከወዲሁ የያዝሁ፣

ገነት ካሳሁን

ማስታወሻ፦ ማስታወቂያዎ ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል አንብቤያለሁ። የእናቲቱን አድራሻ ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም። ሽሮፑን ደፍታ ልጇን ያሳደገች እናት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም አላገኘሁ፤ የማውቃቸው ሁሉ እንደ እኔ ያሉ ናቸው።