ድልድዩ የተወሰነበት ስብሰባ

ሰኞ፣ ከሰዓት

ሙቀቱ አያሠራም። የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ነው፤ ክሩ ደጋግሞ ይበጠሳል። ጎረቤቴ ሐሊማ መጣች። ወንዙ ላይ የእግረኛ ድልድይ ሊሠራ ነው፤ ቦታውን ነገ የቀበሌው ስብሰባ ይመርጣል። እሷ በት/ቤቱ በኩል ይሁን ትላለች፤ ልጇ ዘሀራ የምትሻገረው በዚያ ነው። ነጋዴዎቹ ወደ ገበያው ይስቡታል። ና እባክህ አለችኝ። ኢንሻላህ አልኳት። ላልሄድ።

ማክሰኞ፣ ከመግሪብ በኋላ

አልሄድኩም። ሱቄ ደጅ ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ወደ ስብሰባው የሚያልፈውን ስናማ ዋልን። ያለቀ ነገር ነው፣ ለማጨብጨብ ነው የሚጠሯችሁ አልኩ። ሳቁልኝ። ድልድዩ ለገበያው ሆነ። የት/ቤቱ ወገን በጥቂት እጅ ብቻ ነው የተበለጠው አሉ። ማስታወሻዬ፣ እራት አልበላልህ አለኝ።

ዓርብ፣ ማታ

ደጋው ዘንቦ ወንዙ ሞላ። ዘሀራን ከት/ቤት ስትመለስ ውሃ ወሰዳት። ከብት የሚያጠጡ ሰዎች ደርሰው አወጧት። ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። ክንዷ ተሰብሯል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያም ቀበሌውን መራገም ጀመርኩ፤ ድልድዩን ለነጋዴ ሰጡት፣ ለድሃ አያስቡም፣ ምናምን። ሐሊማ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተስ የስብሰባው ቀን የት ነበርክ፣ ሰይድ?»

ቁጣ የለባትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዘሀራ ደግሞ ወንበሯን ልትለቅልኝ ተነሳች።

ቅዳሜ

ሥራ እምቢ አለኝ። በምርጫውም እንዲሁ ነኝ፤ አንድም ጊዜ ካርድ አላወጣሁም። የእኔ ድምፅ ምን ያመጣል ማለት ብልህነት ይመስለኝ ነበር። ስንፍና ነው። ፍርሃትም አለበት።

ሰኞ፣ ከሰዓት

የቀበሌው ሊ/መንበር ቢሮ ሄድኩ። ሥራው ገና ስላልተጀመረ ነዋሪው ከጠየቀ እንደገና ይሰበሰባል አለ። ብቻ ሰው ይምጣ፣ ባለፈው አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር አለኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ወንድሜ አህመድ ቤት። አካም ብለን በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን። አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የስብሰባ ሰው ሆንክ ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው። አልተከራከርኩትም። የዘሀራን ክንድ ነገርኩት፤ እኔ ያን ዕለት ምን ስሠራ እንደዋልኩም። ሳቁን ተወ። እመጣለሁ አለ።

ነገ ሱቄን ዘግቼ ሰፈሩን እዞራለሁ። መጀመሪያ ጓደኞቼ ጋ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። አፍሬያለሁ ልበላቸው፣ ከዚያ ወደ ስብሰባው አብረን እንሂድ ልበል።