«የቀለም ቀቢው ሠርግ» የእኛ ነው ላሉት

ለክቡር ሚስተር ፕሬስኮት ዴላንሲ፣
የብራይትሞር የፊልም ቅርስ ኩባንያ የመብት ጉዳዮች ኃላፊ

ጤናዎ እንደ ጠበቃዎ ብዕር ብርቱ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከኦሃዮ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በመጦሪያ ቤታችን እሑድ እሑድ በፒያኖ እያጀብኩ የማሳየውን፣ በ1916 የተሠራውን የአሥራ ሁለት ደቂቃ ድምፅ አልባ ቀልድ «የቀለም ቀቢው ሠርግ»ን እንዳቆም ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ከመቶ ዓመት በፊት ከመሰላል የወደቀ ቀለም ቀቢ እስከ ዛሬ ጌታ እንዳለው ባለማወቄ አፍራለሁ።

1ኛ፦ ሠሪዎቹ መብታቸውን በሃያ ስምንተኛው ዓመት ሳያድሱት ቀርተዋል፤ ቢያድሱትም ኖሮ ዘመኑ ዛሬ ባለፈ ነበር። የሁሉም ሰው የሆነ ፊልም በየትኛው በር ወደ እናንተ ቤት እንደገባ ቢያስረዱኝ ውለታዎን አልረሳም።

2ኛ፦ የመጦሪያ ቤቱ ኃላፊ ደብዳቤዎን አንብባ፣ «እትዬ ኧርነስቲን፣ እኔ የጠበቃ ጣጣ አልችልም፤ ፒያኖውን ይዝጉት» አለችኝ። እህቴ ሄዲ ስሜን ከረሳች ሁለት ዓመቷ ነው፤ መሰላሉ ሲወዛወዝ ግን ትከሻዬን ጨብጣ፣ «ያዢው፣ ሊወድቅ ነው!» ትለኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ባዶውን ግድግዳ እያየች፣ «ሰውየው ዛሬ ቀረ? ታሞ ነው እንዴ?» አለችኝ። በጨዋ ቋንቋ ስለጻፍኩ ንዴቴ እንዳይሰወርብዎ።

3ኛ፦ ምስሉ አሮጌ ቢሆንም፣ በመካከሉ የሚገቡትን የጽሑፍ ካርዶች ሠራተኞቻችሁ በ2019 በገዛ እጃቸው አዲስ ስለጻፏቸው፣ ፊልሙ በሙሉ የእናንተ እንደሆነ ገልጸውልኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና የእናንተን ቅጂ አየሁት። «አማትህ መጥተዋል፤ ፈጥነህ ውረድ!» የሚለውን ካርድ የጻፈው፣ የሲኒማ ቤት ማሽን ሠራተኛ የነበረው አባቴ ሌላንድ ነው። የመጀመሪያው ካርድ ስለተቃጠለ በ1958 በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ፣ በጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ጽፎ፣ በፊልም አንሥቶ በተቃጠለው ቦታ ቀጠለው። ከሰሌዳው ጥግ ላይ፣ የቢላ ጠባሳ ለሁለት የሰነጠቀው የአውራ ጣቱ አሻራ በጠመኔ ታትሟል፤ በእናንተ «አዲስ» ካርድ ላይም እዚያው ጥግ ላይ አለ። ያንኑ የፊልም ጥቅል በ2016 ለአንድ ትሑት የድሮ ፊልም ሰብሳቢ አውሼው፣ ከብዙ ምስጋና ጋር መልሶልኛል። ምስጋናው ያኔም በዝቶብኝ ነበር።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
የቅን ልብዎ አድናቂ፣
ኧርነስቲን ቮግል

ማሳሰቢያ፦ ካርድ የጻፈ የፊልሙ ባለቤት ነው የሚለውን ትምህርትዎን ተቀብያለሁ። አባቴ ስለሞተ ወራሹ እኔ ነኝና፣ ከእንግዲህ ፊልሜን ያለ ፈቃዴ እንዳታሳዩ። ፈቃድ ለመጠየቅ ሲመጡ፣ ያንን ካርድ በገዛ እጁ የጻፈውን ሠራተኛዎን ይዘውልኝ ይምጡ፤ አውራ ጣቱን ማየት እፈልጋለሁ።