መከታ አላበደም ነበር

ደባት፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ እንዳለው፣

የሁመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደኅና ነን፣ ገብሱም እግዜር ይመስገን ጥሩ ነው። ይህን የምልህ ለወጉ ነው። ከሐሙስ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል። ዛሬ ገብርኤል ስለሆነ ውቂያ የለም፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ልቤ አላስቀምጥ ስላለኝ በግልጽ ልንገርህ። ውሻህ መከታ አላበደም ነበር።

አምና ለሰሊጥ ሥራ ስትወርድ መከታን ለኔ አደራ ሰጠኸኝ። «ካንተ በቀር የሚያምነው የለም» አልከኝ። በውቂያው ሰሞን እንደ ልማዱ አውድማው ላይ እየተኛ ገብሱን ሲጠብቅ ከረመ። ከዚያ የፊት እግሩን ይልስ ጀመር። መጀመሪያ ዝም አልኩት። ጣቶቹ መሐል ቀልቶ ጸጉሩ እስኪረግፍ ላሰው፤ ምራቁ ደረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሚስቴ ሸጊቱ አየችና «ይህ ውሻ ለሃጩ እየወረደ ነው፣ ልጆቹን አርቃቸው» አለች። ጎረቤቱም ተሰብስቦ አብዷል አለ።

አንተ ታውቀኛለህ፤ ሰው ፊት ፈሪ መባል አልወድም። «እኔ እጨርሰዋለሁ» አልኩ። ገመድ አንገቱ ላይ ሳስገባ አልነከሰኝም፣ አላጉረመረመብኝም። ቁጭ አለና የፊት እግሩን አንስቶ ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። እኔ እብደቱ የተነሣበት መስሎኝ በዱላ መለስኩት። የቀረውን አንተም አትጠይቀኝ፣ እኔም አልጽፈውም።

ከዚያ «አብዶብን ገደልነው» ብዬ ጻፍኩልህ። «ገደልነው» ያልኩትም ውሸት ነው፤ ብቻዬን ነበርኩ። አንተስ ምን ብለህ መለስክልኝ? «የልጆችህን ነፍስ ካተረፍክ እጅህ ይባረክ።» ሸጊቱ ያችን ወረቀት ሳጥን ውስጥ አስቀምጣታለች። አሁን ሳጥኑን ማየት አስጠልቶኛል።

ሐሙስ ዕለት ከደባርቅ ውሻ የሚከትቡ ሰዎች መጡ። የኛ ውሻ የእብደት በሽታ ተራራው ላይ ላለው ቀይ ቀበሮ እንዳይጋባ ነው አሉ። ቡላን፣ የመከታን ልጅ፣ ይዤ ወጣሁ። እሱም ሰሞኑን እግሩን መላስ ይዟል። ገመድ አዘጋጅቼለት ነበር እንዳለው፤ አልዋሽህም።

መርፌ የያዘችው ሳፊያ የምትባል የከተማ ልጅ ናት።

«ይሄስ ሳያብድ አልቀረም፤ አባቱም እንዲሁ ነው የጀመረው» አልኳት።

«እህል ይበላል? ውሃ ይጠጣል?»

«ይበላል፣ ይጠጣል።»

«ሰው ተናክሷል? ድምፁስ ተለውጧል?»

«የለም።»

«እግሩን አይታችሁለታል?»

ሳቅኩባት። የውሻ እግር ማን ይዞ ያውቃል? በሬ ሲያነክስ ሰኮናውን አንስተን፣ አገላብጠን እናያለን። ውሻ ግን ከነካኸው ሳትታጠብ እህል አትነካም። ልጅቱ ሳቄ ገባት። «እኔም ሳልታጠብ አልሰግድም ጋሼ፤ ውሃ ግን ሞልቷል» አለችና ጓንቷን አጠለቀች። አፉን በጨርቅ አሰረች፣ ጣቶቹን ፈልቅቃ አየች፣ «ወረንጦ አለዎት?» አለችኝ። እሾህ የማወጣበትን፣ በክር አንገቴ ላይ የማንጠለጥለውን ወረንጦ አውልቄ ሰጠኋት።

ጎትታ ያወጣችው የገብስ ጢም ነው። ያ ስንወቃ አንገታችን ውስጥ እየገባ የሚያስጨንቀን ቀጭን እሾህ፣ ቆዳውን በስቶ ገብቶ መግል ቋጥሯል። ከአንድ እግር ብቻ ሦስት አወጣች። እኔ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። «ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?» ብትለኝ «አምና አንድ ውሻ ነበረን» አልኳት።

ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ቅባት ቀባችው። ጠዋትና ማታ እንዲህ አድርጉለት፣ እንዳይልሰውም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉለት አለች። «ውሻ የሚልሰው የሚያመውን ወይም የሚያሳክከውን ነው። ቁንጫም ይሁን መዥገር፣ እሾህም ይሁን ቁስል፣ ቀድማችሁ እዩት። ከአውድማ ሲመለስ ጣቶቹን ፈትሹ። መዋጥ ካቃተው ወይም ያገኘውን ከነከሰ ግን አትጠጉት፤ እኛን ጥሩ» አለች። ይኸው ነው። አንድ ገበታ እህል እንኳ ተበልቶ በማያልቅበት ጊዜ ጨርሳ ሄደች።

ጎረቤቶቻችን ሁሉ ቆመው አይተዋል። አንድ በአንድ ውሻቸውን እየጎተቱ ገቡ። ሸጊቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እንዳለው፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ይቅር በለኝ ለማለት አፌ አልደፍር ብሏል። ግን የመረቅኸው እጅ ምን እንደሠራ ሳታውቅ እንድትቀር አልፈልግም። ስትመጣ ተቆጣኝ፤ ከፈለግህም ቤቴ አትግባ። ቡላ ያንተ ነው። እስክትመጣ ድረስ ከአውድማ በተመለሰ ቁጥር ጣቶቹን አንድ በአንድ አይለታለሁ፤ በዚህ የገብርኤል ቀን ቃል ገብቼልሃለሁ።

መላሱን ትቷል። ትናንት ቁስሉን ላጥብለት ቁጭ ስል፣ ሳልጠራው መጣና የፊት እግሩን አንስቶ ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። መከታ ያን ቀን ምን እንደለመነኝ የገባኝ ያኔ ነው። ወረንጦው አምናም አንገቴ ላይ ነበር።

አደራህን የበላ ወንድምህ፣
ክንዴ